ቁርጥማቱ ከቫይረሱ ነው ወይስ ከራሴ?

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ጉንፋን ይይዘኛል። ሲይዘኝ ደግሞ አያድርስ ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብና የእግር ቁርጥማት ይነሳብኛል። ሁለት ሦስት ቀን ከአልጋ አልወርድም። ባለቤቴ አንድ ቤት አብረን እየኖርን ትንሽ አስነጥሶት ያልፍለታል። "የአንቺ በሽታ የመከላከል አቅም ደካማ ነው" ይለኛል። እኔም እያመንኩት መጣሁ። ክትባት የተከተብኩ ዕለት እንኳ ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ ነው ያደርኩት። አሁን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "የመከላከል አቅም ያሳድጋል" የተባለ እንክብል ጀምራ እኔንም ጀምሪ እያለችኝ ነው። ልጀምር? ደግሞ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሰውነቴ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ቫይረስ ጠላት መሆኑን በምን ያውቃል? እባክዎ መልሱልኝ። — ጉንፋን የማይምራት»

ውድ እህቴ፣

ከባለቤትሽ ልጀምር። በክፋት ያለው አይመስለኝም። ግን ተሳስቷል። ያ ሁሉ ቁርጥማት መከላከያሽ ደካማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። አብዛኛው ሕመምሽ የሚመጣው መከላከያሽ ነቅቶ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። የእንክብሉም መልስ እዚሁ ውስጥ ስላለ፣ ትንሽ ታገሺኝና ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንነሳ። በጣም የምወደው ጥያቄ ነው።

ሰውነታችን ሁለት ዓይነት መከላከያ አለው። አንዱ እየተማረ የሚሄድ ነው። አንድን ቫይረስ ለይቶ ያጠናል፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል፣ ብዙ ጊዜም ለዓመታት ያስታውሰዋል። ችግሩ ጊዜ መፈለጉ ነው። አዲስ ቫይረስ ሲገጥመው አንድ ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ቫይረሱ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም፤ በሰዓታት ውስጥ ይራባል። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው ሌላኛው ነው፦ ስንወለድ ይዘነው የመጣነው ተፈጥሯዊ መከላከያ። እሱ እስኪማር አይጠበቅም። አንቺ የጠየቅሽኝ ስለዚህኛው ነው።

ይህ መከላከያ እያንዳንዱን ቫይረስ በመልኩ አያውቅም። ቫይረሶች መልካቸውን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራሉ፤ መልክ እየያዙ ማሳደድ አያዋጣም። ጠንቅቆ የሚያውቀው የገዛ ቤቱን ሥርዓት ነው። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ሳሎን ውስጥ የማታውቂው ጫማ ብታገኚ፣ ባለቤቱን ባታይውም ሰው እንደገባ ወዲያው ይገባሻል። ሴልም እንደዚያ ነው።

ለምሳሌ የሴል ዲ ኤን ኤ፣ ማለትም የዘር መረጃው የተጻፈበት ክር፣ ቤቱ ኒውክለስ በሚባለው የሴሉ እምብርት ውስጥ ነው። ጥቂት ደግሞ የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ አለ። ከነዚህ ውጪ፣ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ዲ ኤን ኤ ከተገኘ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ሲጋስ የሚባል ፕሮቲን ይህን ይጠብቃል። ያለቦታው የተገኘ ዲ ኤን ኤ ሲያገኝ አንዲት ትንሽ የማንቂያ ኬሚካል ይሠራል። ኬሚካሏ ሄዳ ስቲንግ የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ትቀሰቅሳለች። እንደ ኸርፐስ ያሉ ባለ ዲ ኤን ኤ ቫይረሶች የሚጋለጡት በዚህ መንገድ ነው። ሲጋስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ትናንት ማለት ይቻላል።

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጡት ቫይረሶች ግን አብዛኞቹ ባለ አር ኤን ኤ ናቸው፤ መረጃቸው የተጻፈው በዲ ኤን ኤ ዘመድ፣ በአር ኤን ኤ ነው። እዚህ ላይ ዘዴው ሌላ ነው። ሴልሽ የራሱን መልእክተኛ አር ኤን ኤ ሲያዘጋጅ ጫፉ ላይ ቆብ ያጠልቅለታል። ቆብ የምለው ኬሚካላዊ ምልክት ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አር ኤን ኤ ጫፉ ላይ ይህ ቆብ የለም፤ ሦስት ፎስፌቶች ብቻ ተንጠልጥለውበት ይገኛሉ። ሪግ-አይ የሚባለው ጠባቂ ፕሮቲን ይህን ባዶ ጫፍ ፈልጎ ይይዛል። ኤምዲኤ-5 የሚባለው ጓደኛው ደግሞ ረጅም ድርብ ክር ያለው አር ኤን ኤ ይፈልጋል። ጤነኛ ሴል ውስጥ እንዲህ ያለ ረጅም ድርብ ክር እምብዛም አይገኝም። ቫይረስ ራሱን ሲያባዛ ግን ይፈጠራል። እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ቫይረሱ የሚያዘው ለመራባት የግድ በሚያደርገው ነገር ነው። መልኩን ሊቀይር ይችላል፤ መራባትን ግን ሊተው አይችልም።

ሦስተኛ ዓይነት ጠባቂዎችም አሉ። ሴል ከውጭ የዋጠውን ነገር የሚያስቀምጥባቸው ትናንሽ ከረጢቶች አሉት። በነዚያ ከረጢቶች ግድግዳ ላይ ቶል መሰል ተቀባዮች የሚባሉ ፕሮቲኖች ተሰክተው የገባውን ይፈትሻሉ። በሰው ላይ 10 ዓይነት ቶል መሰል ተቀባዮች ይገኛሉ። ከነሱ ውስጥ የቫይረስ አር ኤን ኤና ዲ ኤን ኤ የሚለዩት እነዚህ ከረጢት ውስጥ ያሉት ናቸው። ሌሎቹ አብዛኞቹ የሴሉ ውጫዊ ገጽ ላይ ሆነው በተለይ ባክቴሪያና ፈንገስ ይጠብቃሉ።

ስለነሱ ያወቅንበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። በ1989 ቻርልስ ጄንዌይ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ማንም ሳያያቸው በፊት፣ የተህዋስያንን የጋራ ምልክት የሚለዩ ተቀባዮች መኖር አለባቸው ብሎ ተነበየ። በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ የጁልስ ሆፍማን ቡድን በዝንቦች ላይ ሲሠራ፣ ቶል የሚባለው ዘረ-መል የተበላሸባቸው ዝንቦች በፈንገስ ተወርረው እንደሚሞቱ አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሩስ ቦይትለርና ባልደረቦቹ የዚያ ዘረ-መል ዘመድ በአይጥ ላይ የባክቴሪያን ምልክት እንደሚለይ አረጋገጡ። ሁለቱ ከራልፍ ስታይንማን ጋር የ2011 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። እንግዲህ አንቺን ሌሊት የሚያንቀጠቅጥሽ ሥርዓት የዝንብ ዘመድ ነው። ያን ያህል ጥንታዊ ነው።

ጠባቂው ካወቀ በኋላስ? ሪግ-አይ ወደ ማይቶኮንድሪያ ሄዶ እዚያ ያለ ሌላ ፕሮቲን ይነካል። ያኛው ቀጣዩን ይቀሰቅሳል። በመጨረሻ መልእክቱ ኒውክለስ ይደርስና ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን መሥራት ይጀመራል። ኢንተርፌሮን ከሴሉ ወጥቶ ለጎረቤት ሴሎች የሚደርስ ኡኡታ ነው። የተያዘው ሴል ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ጩኸቱ የሚጠቅመው ላልተያዙት ነው፤ «በራችሁን ዝጉ» ይላቸዋል። የሰሙት ሴሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ-መሎቻቸውን ያነቃሉ። አንዱ ፕሮቲን ቫይረሱ እንዳይገባ መንገዱን ያከብድበታል። ሌላው አር ኤን ኤ ይቆራርጣል። ሌላው የሴሉን የፕሮቲን ፋብሪካ ጭራሽ ያቆመዋል፤ ቫይረሱ የሚሠራበት ፋብሪካ ያጣ ዘንድ ሴሉ የራሱን ሥራም ይተዋል።

ይህ ጩኸት መኖሩ የታወቀው በ1957 ነው። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ለንደን ውስጥ የዶሮ ፅንስ ሽፋን ወስደው በሙቀት ከገደሉት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጋር አቆዩት። ከዚያ ፈሳሹን ብቻ ወስደው ምንም ያልነካው ሌላ ሽፋን ላይ አደረጉ። አዲሱ ሽፋን ሕያው ቫይረስ ሲሰጠው ተቋቋመው። ቫይረሱን የሚያውክ አንድ ነገር ፈሳሹ ውስጥ አለ ማለት ነው። ስሙም ከዚያ መጣ። ጃፓን ውስጥ ናጋኖና ኮጂማ ከሦስት ዓመት በፊት ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ነበር፤ የሚገባቸውን ያህል ሳይወራላቸው ቀርቷል።

አሁን ወደ አልጋሽ እንመለስ።

ከኢንተርፌሮን ጋር አብረው የሚለቀቁ ሌሎች መልእክተኞች በደም በኩል አንጎል ይደርሳሉ። አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ሀይፖታላመስ የሚባል ክፍል አለ። መልእክቱ ሲደርሰው ልኩን ከፍ ያደርጋል፤ 37 የነበረውን 39 ይለዋል እንበል። ሰውነትሽ ገና 37 ላይ ስለሆነ አንጎልሽ «በርዶናል» ብሎ ይደመድማል። ብርድ ብርድ የሚልሽ ለዚህ ነው። መንቀጥቀጥሽ ጡንቻዎችሽ ሙቀት እያመረቱ መሆኑ ነው። ትኩሳት ደግሞ በከንቱ አይደለም። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በአይጥ የአየር ቧንቧ ሴሎች ላይ እንዳሳየው፣ የጉንፋን ቫይረስን የሚለየው ተፈጥሯዊ መከላከያ በ37 ዲግሪ ከ33 ዲግሪ ይልቅ ይበረታል። አፍንጫችን ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 33 ይጠጋል። ጉንፋን አፍንጫ ላይ የሚመቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቁርጥማቱም ከነዚሁ መልእክተኞች ነው። ድካሙም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱም፣ ከሰው መራቅ መፈለጉም እንዲሁ። አንጎልሽ «ጉልበትሽን ቆጥቢ» እያለሽ ነው።

«ይህን በምን አረጋገጣችሁ?» ትይኝ ይሆናል። የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ምስክሮች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ሕክምናቸው ኢንተርፌሮን በመርፌ መውሰድ ነበር። መርፌው ውስጥ የጉንፋንም ሆነ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የለም። ሕሙማኑ ግን መርፌውን በወሰዱ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማትና ድካም ይይዛቸው ነበር። ስሜታቸው የሚጨልምባቸውም ብዙ ነበሩ። አብዛኛው አንቺ የዘረዘርሽልኝ ነው። ብቻውን የገባ ኢንተርፌሮን ይህን ሁሉ ካመጣ፣ አንቺም ላይ ጥፋቱን ሁሉ በቫይረሱ ላይ መደፍደፍ አይቻልም።

ታዲያ ባለቤትሽ ለምን ቀለለው? ምናልባት ያንኑ ቫይረስ ወይም ዘመዱን ከዚህ በፊት አግኝቶት ይሆናል። ያኔ የሚማረው መከላከያው ቀድሞ ይደርስና ኡኡታው ገና ሳይጮህ ነገሩ ይበርዳል። ምናልባት የገባበት ቫይረስ ትንሽ ነበር። ምናልባት በዘር የሚወረስ ልዩነት አለ። ከሁለታችሁ ማን «ጠንካራ» እንደሆነ በማስነጠስና በቁርጥማት መለካት አይቻልም። በነገራችን ላይ፣ እሱ ቀለል አለው ማለት አያስተላልፍም ማለት አይደለም። ሲያስነጥስ አፉን ይሸፍን፤ እጁንም ይታጠብ።

በዓመት ሁለት ሦስት ጉንፋን ደግሞ ለአዋቂ ሰው የተለመደ ነው። የመከላከል አቅም በእውነት ሲጎድል ምልክቱ ሌላ ነው። በተደጋጋሚ የሳንባ ምች ይይዛል። ተራ ኢንፌክሽን በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ካልሆነ አይለቅም። የአፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ይመላለሳል። ክብደት ያለ ምክንያት ይቀንሳል። ከነዚህ አንዱ ካለብሽ ጻፊልኝ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሂጂ ነው የምልሽ። የነገርሽኝ ግን ይህን አይመስልም።

ወደ እንክብሉ ስመጣ በግልጽ ልናገር። አትጀምሪ። «ማሳደግ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ይህ መከላከያ ትልቁ ቁም ነገሩ ሰዓቱና ልኩ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ኢንተርፌሮን ገና ከመነሻው ሲደርስ ትንሹ ይበቃል። ቫይረሶችም ይህን «ያውቁታል»። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሴሉ ውስጥ እንደገባ ጠባቂዎቹ እንዳያዩት አር ኤን ኤውን የሚሸፍንበትና ሪግ-አይን የሚያፍንበት ፕሮቲን ያሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምንም ሳይሰማሽ የምትቆዪው በከፊል ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጩኸቱ ከታፈነ ምን እንደሚመጣ በኮቪድ ጊዜ አየን። በ2020 በወጣ ጥናት ሕይወታቸው አደጋ ላይ ከነበሩ 987 የኮቪድ ሕሙማን 101ዱ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ደማቸው ውስጥ ተገኘ። ቀላል ሕመም ወይም ምንም ምልክት ካልነበራቸው 663 ሰዎች ግን አንዱም ላይ አልተገኘም። በሌላ በኩል ኡኡታው ዘግይቶ መጥቶ አልበርድ ካለ ሳንባን ራሱ ይጎዳል። ቫይረስ ሳይኖር ኢንተርፌሮን ያለማቋረጥ የሚመረትባቸው፣ በዘር የሚመጡ የሕፃናት በሽታዎችም አሉ፤ አንጎል ይጎዳሉ። ስለዚህ ዝም ብሎ «ከፍ ማድረግ» የሚፈለግ ነገር አይደለም። እንክብል ደግሞ ይህን ሰዓትና ልክ አያስተካክልም።

በእርግጥ የተረጋገጠ የቫይታሚን እጥረት ያለበት ሰው እጥረቱን መሙላት አለበት። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ቫይታሚን ሲ ብዙ ጥናት ተደርጓል። በየቀኑ የሚወስዱ ተራ ሰዎች ጉንፋን ከመያዝ አልዳኑም፤ ሲይዛቸው ቆይታው በአዋቂዎች 8 በመቶ ገደማ አጠረላቸው። የሳምንት ጉንፋን በግማሽ ቀን አጠረ ማለት ነው።

እንቅልፍሽን ግን ልጠይቅሽ። በቀን ለስንት ሰዓት ያህል ትተኛለሽ? በ2015 በታተመ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨምሮ ተከታትለዋቸው ነበር። ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከየትኛውም እንክብል በፊት እንቅልፍሽን ብታስተካክዪ ደስ ይለኛል።

ስትታመሚ ዕረፊ፤ ፈሳሽ በደንብ ውሰጂ። ሥቃዩ ከባሰብሽ ፓራሲታሞል መውሰድ ትችያለሽ። መሰቃየት ግዴታ አይደለም። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ልክ ግን አትለፊ፤ ጉበት ይጎዳል። ለልጆችና ለታዳጊዎች በቫይረስ ትኩሳት ጊዜ አስፕሪን አይሰጥም። አንቲባዮቲክም ቫይረስን አይነካም፤ «ለማንኛውም» ብለሽ አትውሰጂ።

ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ከተምታታብሽ፣ ትኩሳቱ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ፣ ወይም ተሽሎሽ ሳለ ተመልሶ ከባሰብሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ማንኛውም ትኩሳት ደም ሳይመረመር ጉንፋን ነው ተብሎ አይተውም።

አንድ ነገር ቀረ። የክትባቱ ሌሊት። የትኛውን ክትባት እንደተከተብሽ አልነገርሽኝም። ሁሉም ግን በመጠኑ ይህንኑ ጠባቂ መቀስቀስ አለበት፤ የሚማረው መከላከያ ትምህርቱን የሚጀምረው ተፈጥሯዊው «ተነስ» ሲለው ነው። በአር ኤን ኤ የተሠሩት ክትባቶች ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለብዙ ዓመታት ሳይንቲስቶች በላብራቶሪ የሠሩትን አር ኤን ኤ ሲያስገቡ ቶል መሰል ተቀባዮች ቫይረስ መስሏቸው ይረበሹ ነበር። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን በ2005 ከአር ኤን ኤው ፊደላት አንዱን በተመሳሳዩ ቀየሩት። ረብሻው ቀነሰ። በ2023 ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ ሥራ ነው። ረብሻው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ አንዳንድ ሰው ላይ የሚመጣው የአንድ ሌሊት መንቀጥቀጥ በከፊል ከዚያው ነው። ምንም ያልተሰማቸውም ክትባቱ አልሠራላቸውም ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ስትከተቢ ማግስቱ ሥራ የማትገቢበት ቀን እንዲሆን አድርጊ፤ ባለቤትሽም የዚያን ቀን የቤቱን ሥራ ይያዝልሽ።